የአርጆ መንገድና የመካኒኩ መርከብ

በንጉሡ ዘመን ነቀምቴ ክሊኒክ አስተርጓሚ ነበርኩ። አንድ ክረምት ከፈረንጁ መካኒካችን ጋር መድኃኒት ይዘን ወደ አርጆ ስንሄድ ከፊታችን ወንዙ ሞላ፣ ከኋላችን መንገዱ ተናደ። ሁለት ቀን ላንድሮቨሯ ውስጥ ታግደን ቀረን።

ዝናቡ እየገባብን እንኳ መካኒኩ በሩን አላስዘጉኝም። ብርዱ ሲጠናብኝ ተናድጄ፣ «ምን ነካዎት?» አልኳቸው።

«በዓለም ጦርነት ጊዜ መርከበኛ ነበርኩ» አሉኝ። «የጭነት መርከብ ላይ የአውሮፕላን ማረፊያ ሠርተው፣ ስንቅ የሚያመላልሱትን መርከቦች እንድናጅብ ላኩን። እኔ ከታች፣ ሞተሩ ጋ ነበርኩ። አንድ ቀን ተመታን። ውሃው መርከቧን እንዳያሰምጣት የብረቱን በር ዘጉብን። አሥራ አንድ ሆነን ደበደብነው። ሲከፈት በሕይወት የወጣነው አራት ነን።»

«መርከቧስ?»

«እሷማ ተረፈች። ከጦርነቱ በኋላ ማረፊያውን ነቅለው ሙዝ ጫኑባት። አምና ቆራርጠው ለብረት ሸጧት።»

በሩን ክፍት ትቼ ጋቢዬን አካፈልኳቸው።

በሦስተኛው ቀን ገበሬዎች መንገዱን ጠርገው ደረሱልን። መካኒኩ ሲያዩአቸው እንባቸው ወረደ። አንድ ሽማግሌ፣ «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ሰውዬው ምን ሆነው ነው?» ብለው በኦሮምኛ ጠየቁኝ።

ሥራዬ ማስተርጎም ሆኖ ሳለ፣ «ደክሟቸው ነው» ብቻ አልኩ።