የግድግዳው እጮኛ

ሳሊሃ በየማለዳው ጫማዋን ከማጥለቋ በፊት ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፎቶ ታቃናለች። ቤታቸው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከመኪና መንገድ ዳር ነው። ሌሊቱን ወደ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚወርዱት ከባድ መኪኖች ባለፉ ቁጥር ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ ፎቶውም ትንሽ በትንሽ ወደ ቀኝ ይዘማል። ጠዋት ስትነሳ ፎቶው ውስጥ ያለው ወታደር እንደ ሰካራም አዘንብሎ ሰላምታ ሲሰጥ ታገኘዋለች። መስተዋቱን በሻርፗ ጫፍ ወልወል አድርጋ ቀጥ ታደርገውና ሚኒባስ ልትይዝ ትሮጣለች።

ወታደሩ ዱሆ ይባላል። የአገሩ ሕግ ግድ ብሎት ሁለት ዓመት የደንብ ልብስ ይልበስ እንጂ ሥራው ዘፋኝነት ነው። ሀንቢት የተባለ የኮሪያ የዘፈን ቡድን መሪ ነው። አምስቱ ልጆች መድረክ ላይ መዝለል ሲጀምሩ ሳሊሃ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች፤ በጎረቤት ዲሽ አየቻቸው፣ በዚያው ቀረች። ዛሬ እሷ ሠላሳ ሁለት ሞልቷታል፣ እነሱም አርባን ሊጨብጡ ምንም አልቀራቸውም። አንደኛውን ወገቡን ያመዋል፣ ሌላው የሦስት ልጆች አባት ሆኗል፣ መዝለሉን ግን አልተዉም። የክፍል ጓደኞቿ ከዚያ ወዲህ ስንት ዘፋኝ ወደው ስንቱን እንደጣሉ ለመናገር ያስቸግራል። ሳሊሃ እንደዚያ አይነት ሰው አይደለችም። አንዴ ከያዘች ያዘች ነው።

ሥራዋ ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። የተሸመነው ጨርቅ በብርሃን ላይ ሲያልፍ ቀዳዳና የተበጠሰ ክር እየፈለገች ምልክት ታደርጋለች። የሀንቢት ልጆች መድረክ ላይ ሲወጡ በአንድ መስመር ቆመው፣ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው፣ «ሀንቢት!» ብለው ይጮኻሉ። ሳሊሃና የሥራ ባልደረባዋ አትጠገብ አንድ ጠዋት ለቀልድ ፈረቃቸውን እንዲሁ ጀመሩት። በሳምንቱ የክፍሉ ሴቶች ሁሉ ተከተሏቸው። አለቃው መጀመሪያ የሥራ ማቆም አድማ መስሎት ላብ አጠመቀው፤ ጎንበስ ብለው ቀና ካሉ በኋላ ወደ ሥራቸው ሲሄዱ አይቶ ተወው። ይኸው ዓመታት አለፉ። አሁን አዲስ የሚቀጠሩት ልጆች ሀንቢት ምን እንደሆነ አያውቁም፤ የፋብሪካው የደኅንነት ደንብ ይመስላቸዋል። አንዷማ ጎንበስ ማለቱን ረስታ ማሽን ስላስነሳች በድንጋጤ ስታለቅስ ተገኝታለች።

ይህን ሁሉ ያመጣው የሳሊሃ ፍቅር ተውፊቅንም አልማረም። ተውፊቅ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው። መኪናው ውስጥ መንዙማና የወሎ ዘፈን እንጂ ሌላ ተሰምቶ አያውቅም ነበር። አንድ ቀን ሳሊሃ ጋቢና ተቀምጣ በጆሮ ማዳመጫ የምትሰማውን ጠየቃት። በማግስቱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሀንቢትን እያስጮኸ ወረደ። ተሳፋሪው አጉረመረመ፤ ከዚያ ለመደ። አሁን ወደ ገበያ በርበሬ የሚያወርዱ እናቶች አዝማቹን ቃሉን ሳያውቁት ያንጎራጉሩታል። ሳሊሃም ለዘፈኑ ብላ ሳይሆን ሰውየውን ራሱን ወደደችው። ሽማግሌ ላክ አለችው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው ሐሙስ ጠዋት መጡ። መሪያቸው የተውፊቅ አያት ሐጂ በሺር ነበሩ። ወላጆቹ ካለፉ በኋላ ተውፊቅን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ያለ እሳቸው ዱዓ አያገባም። ሐጂ ያልሄዱበት ጉዳይ ላይ ደግሞ ሌላ ሽማግሌ አይሄድም።

የሳሊሃ አባት በሕይወት የሉም፤ መልስ የሚሰጠው የአባቷ ወንድም ሀፊዝ ነው። ሀፊዝ ከቦሩ ሜዳ ተነስቷል፣ ግን የተሳፈረበት ሚኒባስ አልሞላም፤ ሹፌሩ የመጨረሻውን ሰው ይጠብቃል። እሱ ሳይመጣ ዋናው ነገር አይነሳም። ስለዚህ ስለ ጉሙ ተወራ። ስለ ብርዱ ተወራ። ሻይ ተጠጣ። ወሬው አለቀ። ሐጂ በሺር ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው አነሱ።

«ማሻአላህ፣ ይህ ልጅ ማነው?»

የሳሊሃ እናት ወይዘሮ ጣይባ ሲደነግጡ አፋቸው አይከደንም።

«ዱሆ ነዋ።»

«የማን ዱሆ?»

«የሳሊሃ።»

ሐጂ ከጎናቸው ያሉትን ሽማግሌ አዩ። ሽማግሌው ሻያቸውን አስቀመጡ።

«ወታደር ነው?»

«ነበረ፤ ጨርሶ ወጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብቃዋለች እኮ ሐጂ! የወጣ ዕለት እንዴት እንደተንሰቀሰቀች ብነግርዎ! ሰፈሩ ለቅሶ መስሎት መጣብን።»

ሳሊሃ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ጓዳ ነበረች። ሽማግሌ በተቀመጠበት የምትጠየቅ ልጅ ድምፅ አታሰማም፤ ሥርዓቱ ነው። ፎጣውን ነከሰች።

«ይህ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው።

«ኧረ ከዘጠነኛ ክፍል!»

«አባቷስ ያውቁ ነበር?»

«እንዴት አያውቁ! አላህ ይዘንላቸውና ይህችን ሚስማር የመቱት እሳቸው አይደሉ? ‹ልጄ ከወደደችው ይሰቀል› ብለው።»

ጓዳ ውስጥ ትሪ ወደቀ።

«ምንድን ነው?»

«ድመቷ ናት» አሉ ወይዘሮ ጣይባ። ድመት የላቸውም።

ሐጂ በሺር ወደ ፎቶው ጠጋ ብለው ዓይናቸውን አጠበቡ። ኮምቦልቻ ውስጥ የውጭ አገር ሠራተኛ ብርቅ አይደለም፤ ልጅቷ ደግሞ በየቀኑ ኮምቦልቻ ትወርዳለች። ነገሩ በሐሳባቸው ቦታ ቦታውን ያዘ። የቀራቸው አንድ ጥያቄ ነበር።

«ዲኑስ?»

«እሱን እንኳ አላውቅም ሐጂ። ጾም ላይ ግን ብርቱ ነው። ወር ሙሉ እህል የማይቀምስበት ጊዜ አለ ትለኛለች። እዩት እስቲ ጉንጩን።»

ሐጂ ጉንጩን አዩ። «ሱብሃነላህ» አሉ።

ሁለት ትሪ በአንድ ላይ ወደቀ።

«ድመታችሁስ ትልቅ ናት» አሉና ሐጂ ተነሱ። ሌሎቹም ተነሱ። በዲኑ አንዱ በጠየቃት ሴት ላይ ሌላው አይጠይቅም፤ አባቷ በገዛ እጃቸው ሚስማር መትተው የተቀበሉት ሲሆንማ ጭራሽ። ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ። «አላህ ሩቁን አገር ቅርብ ያድርግላት። ከዱሆ ጋር በሰላም ያገናኛት።»

ወይዘሮ ጣይባ ነገሩ አልገባቸውም፤ ግን ዱዓ ሲደረግ አሚን አይነፈግም። «አሚን!» አሉ፣ ጮክ ብለው።

ሀፊዝ እያለከለከ በሩ ላይ ደረሰ። ሐጂ በሺር እጁን ጨብጠው «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብለውት ወረዱ። እሱም ገብቶ፣ «ሰጠናት እንዴ?» አለ።

«እኔ እንጃ» አሉ ወይዘሮ ጣይባ። «አሚን ብያለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ሳሊሃና አትጠገብ ጋቢና ገቡ። ተውፊቅ ሰላም አላለም። ሀንቢትም የለም፤ ሬዲዮው ስለ ጥርስ ንጽሕና ያወራል።

«ሀንቢትን ምን በላው?» አለች አትጠገብ።

«እጮኛዋ ያጫውታት።»

«አንተ ሰው፣ ጤና የለህም?» አለች ሳሊሃ። «ዱሆን አታውቀውም? ለአያትህ አትነግራቸውም?»

«ነገርኩት! ‹አያውቃትም፣ ዘፋኝ ነው› አልኩት። ‹ቅናት ነው የሚያናግርህ፣ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ወታደር ያለምክንያት አይጠብቅም› አለኝ። መስጊዱ በር ላይ፣ ሰው ፊት፣ ወላሂ ብሎ ማለ፤ በዚህ ጉዳይ ሁለተኛ ደጃችሁን ላይረግጥ።»

«እውነታቸውን ነው ልጄ» አለ ከኋላ አንድ ተሳፋሪ። «ቀድሞ የጠየቀ ቀድሞ ነው።»

«ደግሞ ወታደር ነው አሉ» አለች ሌላዋ። «ተጠንቀቅ።»

«ወሬው እዚህ ድረስ መጣ?» አለች ሳሊሃ።

«ከእኛ በፊት ኮምቦልቻ ገብቷል» አለ ተውፊቅ። «አያቴ ምን ይላል መሰለሽ፤ ልጁ ራሱ ትቻታለሁ ይበል፣ ያኔ እናስብበታለን።»

አትጠገብ በሳቅ ታፈነች። ሳሊሃ አልሳቀችም። ሐጂ ካልሄዱ ማንም አይሄድም፤ ማንም ካልሄደ ተውፊቅ የለም። የሐረጎ ጠመዝማዛ እስኪያልቅ ድረስ መንገዱን ብቻ አየች።

«ፎቶውን አውርጂውና ይለፍልሽ» አሉ ማታ እናቷ።

«ያላደረግኩትን ነገር ልደብቅ? ይደበቃል እንዴ እማ? የሌላ ሰው እጮኛ ሆኜ የኖርኩ አስመስዬ?»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

ሳሊሃ ፎቶውን አወረደች። በፎጣ ጠቀለለችው። ቅዳሜ ከፈረቃ መልስ በብብቷ ይዛው ወደ ሐጂ በሺር ቤት ሄደች።

ሐጂ ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ የሙስበሃቸውን ዶቃ ይቆጥሩ ነበር። ሲያዩዋት ቀና ብለው ወደ ግራና ቀኝ አዩ፤ የምትጠየቅ ልጅ ብቻዋን እንዲህ አትመጣም።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ አባባ።»

«ወዓለይኩም ሰላም። አብሽሪ። ዱሆ መጣ?»

«አልመጣም። አይመጣምም። ይህን ይዩልኝ።»

ከወገቧ ጎንበስ ብላ ስልኳን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ሐጂ ያንን ልብ አሉ፤ የደኅና ቤት ልጅ ናት አሉ በሆዳቸው። ሳሊሃ ይህን ከሀንቢት የተማረችው መሰላት እንጂ ደሴ ውስጥም ከጥንት ያለ ነገር ነው።

ስልኩ ላይ አምስት ሰዎች መዝለል ጀመሩ።

«የትኛው ነው?»

«መሃል ያለው። ፀጉሩ ሰማያዊ የሆነው።»

«ወታደሩ?»

«አዎ።»

«ፀጉሩን ምን አገኘው?»

«ቀብቶት ነው፣ አባባ።»

ሐጂ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ያዙት! ወደቀ እኮ!»

«አልወደቀም። ጭፈራው እንደዚያ ነው።»

እስኪያልቅ ድረስ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ አዩ። ከዚያ «ድገሚው» አሉ። ደገመችላቸው። በሁለተኛው ዱሆ ሲወድቅ አልደነገጡም፤ ቀድመው «አሁን» አሉ።

«ሥራው ይህ ነው?»

«ይኸው ነው።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«ያውቅሻል?»

«አያውቀኝም። ስሜንም፣ አገሬንም።»

«ሁለት ዓመት የጠበቅሽውስ? ያ ውሸት ነው?»

ሳሊሃ ውሸት ነው ብትል በተገላገለች ነበር። «እውነት ነው» አለች። «ጠብቄዋለሁ። ሲወጣም አልቅሻለሁ።»

ሐጂ በሺር ሙስበሃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ስምሽን ለማያውቅ ዘላይ ይህን ያህል ከታገሥሽ፣ ለእኛ ልጅማ ምን ልትሆኝ ነው!» አሉ። ቀጥሎ አንድ ነገር አሳሰባቸው። «ተውፊቅንም እንዲህ ልታስዘልይው ነው?»

«ኧረ እሱ መሪውን ይያዝ፣ አባባ።»

«አልሐምዱሊላህ። ፀጉሩስ?»

«ፀጉሩም ባለበት ይቆይ።»

አሁን የቀረው መሐላው ነበር። ያንን ደጅ ላይረግጡ ምለዋል፣ ያውም ሰው ፊት። ሐጂ ሕጉን ያውቁታል፤ የማለ ሰው ከመሐላው የተሻለ ነገር ካየ የተሻለውን ይሠራል፣ መሐላውንም ይክሳል። ካሳው አሥር ድሃ ማብላት ነው፤ አቅም ከሌለው ሦስት ቀን መጾም።

«አሥር ሰው የማበላበት የለኝም» አሉ። «እንግዲህ ልጾም ነው። በዚህ በሰማያዊው ምክንያት! ለነገሩ እሱም ይጾማል ብላለች እናትሽ።»

«እሱ እንዳይወፍር ነው፣ አባባ።»

«አስታግፊሩላህ!» አሉ ሐጂ፣ ካዩት ሁሉ ይህ የበለጠ አስደንግጧቸው። ወደ ፎጣው ጥቅል በከዘራቸው ጠቆሙ። «ፎቶውስ?»

«አብሮኝ ይመጣል።»

«ሳሎን ላይ? የተውፊቅ እንግዳ ሲመጣ?»

«እንግዲያው መኝታ ቤት አደርገዋለሁ።»

ሐጂ በሺር የልጅ ልጃቸው መኝታ ቤት ውስጥ ሰላምታ እየሰጠ የሚያድረውን ወታደር አሰቡት።

«ሳሎን ይሁን» አሉ በፍጥነት። «ሳሎን፣ እኔ እያየሁት። ሚስማሩንም ራሴ እመታዋለሁ። አንዴ ከተመታ ወዲያ ወዲህ እንዳይል።»

ስልኳንም በሁለት እጃቸው መለሱላት።

ሐጂ በሺር ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ይጾማሉ። ሐሙስ ጠዋት ሽማግሌዎቹ እንደገና ወደ ቧንቧ ውሃ ይሄዳሉ። ሀፊዝ ሚኒባስ እስኪሞላ አይጠብቅም፤ ረቡዕ ከሰዓት መጥቶ እዚያው ያድራል።