የግራው ጎማ

በደርግ ጊዜ መካነ ሰላም ላይ መኪና እጠግን ነበር። አንድ ጠዋት የከተማው ካድሬ በአሮጌ ጂፑ መጣ። ፍሬን ሲያዝ ወደ ቀኝ ትስባለች፤ ትናንት ከከላላ ሲመለሱ ለጥቂት ነው ከገደል የተረፉት።

«ሾፌሩ አሻጥረኛ ነው። የቀኙን ፍሬን ሆን ብሎ አበላሽቷል ብለህ ትመሰክራለህ፤ እሱ ከዚህ በቀጥታ ወደ እስር ቤት ይሄዳል» አለኝ። ሾፌሩ ጋሽ ይመር ከኋላው ቆሞ ላብ ያጠምቀዋል።

እኔ ደግሞ አንዲት ብሎን እንኳ ደጋግሜ ካልፈተሽኩ ራሴን የማላምን ሰው ነኝ። ጂፗን ነዳሁና ፍሬን ይዤ አቆምኳት፤ ወርጄ የፊት ቸርኬዎቹን ዳሰስኩ። ቀኙ ያቃጥላል፣ ግራው ቀዝቃዛ ነው። እንደገና ነዳሁ፤ ያው ነው።

«አልመሰክርም ጓድ» አልኩት። «ቀኙ ደህና ይዟል፤ የጋለውም ለዚያ ነው። ወደዚያ የምትስበው ግራው አልይዝ ስላለ ነው።»

«አብረኸው መታሰር አማረህ?»

«እሰሩኝ። መጀመሪያ ግን ግራውን ልፍታው።»

ፈታሁት። የፍሬኑ ሸራ በቅባት ርሷል።

«ይኸው አሻጥሩ!» ብሎ ካድሬው ጮኸ።

አሸተትኩት። የሞተር ዘይት አይደለም፤ ኮሰረት ኮሰረት የሚል የተነጠረ ቅቤ ነው።

ይሄኔ የካድሬው እናት ስኒ ይዘው በበሩ ገቡ።

«አንተ ልጅ፣ መኪናውን ስፈልገው እዚህ አምጥተኸዋል? ትናንት በሰላም እንዲመልስህ ዱዓ አድርጌ በቸርኬው ቀዳዳ ቅቤ ባፈስለት፣ ለግራው ብቻ በቃ። የቀኙን ይኸው ይዤ መጣሁ።»