በባላገር ልጆች ያሳደግኋት ከተማ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለነፍስ አባቴ እንኳ የሚዛን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይችን እየዘለልኩ አልፌአለሁ። ሚዛን ያጎደለ ነጋዴ ብርቅ አይደለም፤ እኔ ግን አንድ ከተማ ሙሉ አጋንኜ የሸጥኩ ሰው ነኝ። አንተ የምታነበው፣ ካህን ባትሆንም ዛሬ ስማኝ።

ከተማዬ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ስሟን አልጠራም፤ እሷ ምን አጠፋች? እኔ የቢቸናን ጤፍ ለሞጣ፣ የሞጣን ሸቀጥ ለቢቸና ሳመላልስ ያረጀሁ፣ ፊደል ቆጥሬ የቀረውን ገበያ ያስተማረኝ ሰው ነኝ።

ከዓመታት በፊት ለከተማችን የረጅም ዘመን ፕላን ሊሠራ ሆነ። ፕላን ማለት ልጆቻችን ሲያረጁ ከተማዋ ምን እንደምታክል ዛሬ ገምቶ፣ መንገዱንም መናኸሪያውንም በዚያ ልክ ማስመር ነው። ግምቱ ግን ሁለት ሆኖ መጣ። የከተማው ባለሙያዎች ቤት ለቤት ቆጥረው በፍጥነት ታድጋለች አሉ። ክልሉ ደግሞ ገጠሩንና ከተማውን አንድ ላይ አስልቶ ቀስ ብላ ነው የምታድገው አለ። ሁለቱ ካልታረቁ ፕላኑ አይጸድቅም። ከክልሉ አንዲት ወጣት ባለሙያ መጣች፤ እኔም ነጋዴውን ወክዬ አዳራሽ ገባሁ።

ልጅቱ ብልህ ናት።

"አባባ፣ በየቤቱ የተገኘው የልጅ ብዛት ገረመኝ" አለችኝ። "እነዚህ ልጆች ገጠርም ከወላጆቻቸው ጋር ተቆጥረው ይሆን?"

ተቆጥረዋል እንጂ! ባላገሩ ልጁን ለማስተማር ከተማ ውስጥ ክፍል ይከራይለታል። ልጁ አርብ አርብ ባዶ የስንቅ ከረጢቱን ይዞ አገሩ ይገባል፤ እሁድ ሞልቶ ይመለሳል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ከገበታህ የሚቆርስን ልጅ ለእንግዳ ሰው "ተከራይ ነው" ማለት ነውር ነው። ቆጣሪዎቹ "ይሄስ ማነው?" ሲሉ አከራዩ ሁሉ "ልጄ ነው" አለ። እኔ ቤትም ነበሩ፤ ባለቤቴ በአንድ ጠዋት ያላማጠቻቸውን ጎረምሶች ወለደች። አባቶቻቸውም ገጠር ላይ "ልጄ ነው" ብለው አስቆጥረዋቸዋል። እስከዚያ ድረስ ማንም አልዋሸም።

የዋሸሁት እኔ ነኝ። እያወቅሁ ዋሸሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና ተነሣሁ።

"የኔ ልጅ፣ እነዚህ እዚሁ ተወልደው እዚሁ የሚወልዱ የከተማዋ ልጆች ናቸው። ከተጠራጠርሽ አዋላጆቹን ልጥራልሽ?"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ልጅቱ አቀረቀረች። የክልሉ ግምት ወደ እኛ ተጎተተና ሁለቱ ታረቁ ተባለ። እኔ በአገሬ ሽማግሌ ነኝ፤ ባልና ሚስት አስታርቄአለሁ፣ ደም አድርቄአለሁ። በውሸት ያስታረቅሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ለምን ዋሸሁ? ለጥቅም ነው ብል ይቀለኝ ነበር። ኩራት ነው። ሞጣ ገበያ ላይ "የዚያች መንደር ሰውዬ" እያሉ ይጠሩኝ ነበር። መንደር! እውነቱን ልንገርህ፤ ዛሬም ሰፊውን መንገድ ሳይ ደረቴ ይነፋል። የሚኒባስ ረዳቶች የከተማዬን ስም እየጮኹ ሲጣሩ ከዜማ ይጥመኛል። ይህን ኩራቴን ተጸጸትበት ብትለኝ አልችልም። ተጸጸትሁ ብዬ ሁለተኛ ውሸት አልጨምርም፤ አንዱ ይበቃኛል።

ፕላኑ ሲሰፋ የሰፋው ግን በአያ ይበልጣል ማሳ ላይ ነው። አያ ይበልጣል የከተማው ዳር ገበሬ ናቸው፤ ንግድ ስጀምር አህያቸውን ያዋሱኝ ሰው። ማሳቸው ካርታው ላይ "ለወደፊት ማስፋፊያ" ተብሎ ቀለም ተቀባ። አልተወሰደባቸውም፤ ቤት ግን አይሠራበትም፣ ባሕር ዛፍም አይተከልበትም ተባሉ። የተተነበየው ሕዝብ ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል። ሕዝቡ ግን ትምህርቱን ጨርሶ ስንቁን አንጠልጥሎ ወደየአገሩ ሄዷል። የአያ ይበልጣል ልጅ በዚያ ማሳ ላይ ጎጆ ሊወጣ ነበር። ቦታ ሲያጣ ባሕር ዳር ለቀን ሥራ ሄደ፤ እጮኛው ጠብቃ ጠብቃ ሌላ አገባች። ለማይመጣ እንግዳ ቦታ ይዤ የቤቱን ልጅ ያስወጣሁት እኔ ነኝ።

አሁን ፕላኑ ሊከለስ ነው። በገበያ ቀን አያ ይበልጣል ሱቄ መጡ።

"አንተ፣ ያን ጊዜ ለከተማዋ የተናገርህበት አፍ አሁንም አለ?"

"አለ፣ አያ፤ የሳሳው ጥርሱ ነው።"

"እንግዲያስ ለኔም ተናገርልኝ። ማሳዬን ይልቀቁልኝና ልጄን ተመለስ ልበለው። አንተን ይሰማሉ። ከተማችንን ሰው ያደረግህ አንተ ነህ፤ ዕድሜ ይስጥህ!"

መረቁኝ! ቢረግሙኝ በተሻለኝ። እኔስ ምን አልኩ? "አሜን" አልኩ።

ብልሃት አላጣሁም። ሌላ ወሬ ፈጥሬ ማሳቸውን ባስለቅቅ ምርቃቱም አይቋረጥብኝም። የቆጠራው ነገር ካልተነገረ ግን ልጆቹ እንደገና ሁለት ጊዜ ይቆጠራሉ፤ የሌላ ገበሬ ማሳ ደግሞ ቀለም ይቀባል። ስለዚህ መጀመሪያ አያ ይበልጣል ቤት ሄጄ እውነቱን እነግራቸዋለሁ፤ ከዚያ አዳራሽ እገባለሁ። ከአንተ ይቅርታ አልለምንም፤ ማሳው ያንተ አይደለም። እሳቸውም ይቅር ባይሉኝ አይፈረድባቸውም።

ያን ቀን ለውሸቴ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ቀጥ ብዬ ነበር የቆምኩት። ለእውነቱም ጎብጬ አልቆምለትም።