ቤት የምናነሳበት እሑድ

አባቴ ቤታችንን የሠራው እንደ ሐዲድ ነው። ቤቱ አሁን የለም እንጂ ቢኖር ወስጄ አሳያችሁ ነበር። ሥራው በአቃቂ ጣቢያ ግራና ቀኝ ያለውን የባቡር መንገድ የሚጠግኑ ሰዎችን መምራት ነበር፤ ከዚያ ሌላ ግንባታ አያውቅም። ስለዚህ የድንጋይ መሠረት በመቆፈር ፈንታ መሬቱ ላይ ጠጠር አፈሰሰ። በጠጠሩ ላይ በጨረታ የገዛውን አሮጌ ሐዲድ አራት ማዕዘን አድርጎ አጋደመ፤ ከሐዲዱ ላይ ምሰሶ አቁሞ፣ ማገር መትቶ፣ ጭቃ አስመርጎ ቆርቆሮ አለበሰው። ሦስቱ ክፍሎች በአንድ መስመር ተደርድረዋል፤ በሮቻቸውም ፊት ለፊት ይተያያሉ። እናቴ “ከመኝታ ቤት ሳሎን ስሄድ ትኬት ተቆጣጣሪ የሚመጣብኝ ይመስለኛል” እያለች ትቀልድበት ነበር። እሱ ግን እንደ ምስጋና ይቆጥረዋል።

ጠጠሩ በተራገፈ ዕለት መሬቱን የሸጡለት የአካባቢው ገበሬ ሽማግሌ ሊያዩ መጡ።

“ልጄ፣ ይሄ ኮትቻ ነው” አሉት። “ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ድንጋዩ ከሥር አለ። አንድ የሰው ቁመት ቆፍርና መሠረቱን እዚያ ላይ አሳርፈው።”

“አባባ፣ ባቡር የተሸከመ ሐዲድ ቤት ያቅተዋል ብለው ነው?” አላቸው።

“ባቡሩ አልፎ ይሄዳል። አንተ ግን ልትኖርበት ነው” አሉና ከዘራቸውን ይዘው ሄዱ። እናቴ ይህን ንግግር ዕድሜዋን ሙሉ እየደጋገመች አወራችልኝ።

አባቴ ሞኝ አልነበረም። አፈሩ እንደሚንቀሳቀስ ከሽማግሌው ባልተናነሰ ያውቃል። የባቡሩ መንገድም የሚያልፈው በዚያው ኮትቻ ላይ ነው፤ ክረምት በወጣ ቁጥር አንዱ ቦታ ይሰምጣል፣ እነሱም በክሪክ አንስተው ከሥሩ ጠጠር ጠቅጥቀው ያስተካክሉታል። ቤቱም ቢሰምጥ እናነሳዋለን ብሎ አሰበ። ከሐዲድ ሠራተኛ በቀር እንዲህ ብሎ የሚያስብ ሰው ያለ አይመስለኝም። ያላሰበው አንድ ነገር ነው፤ ሐዲድ ሁልጊዜ ጠባቂ አለው፤ አንዱ ጡረታ ሲወጣ ሌላው ይተካል። ለቤታችን ግን ከአባቴ ሌላ የተቀጠረ ሰው አልነበረም።

መስቀል አልፎ መሬቱ ጠንከር ሲል፣ አንድ እሑድ ስድስት የሥራ ባልደረቦቹ ይመጣሉ። እናቴ ከዋዜማው ጀምራ ብርጭቆና ሳህኑን ከመደርደሪያ ታወርዳለች። በማግስቱ እሷ ከውስጥ የአባቴን ውሃ ልክ የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጣ በመስታወቱ ውስጥ ያለችውን አረፋ ታያለች፤ አባቴ ከውጭ ክሪኩን ከሐዲዱ ሥር አስገብቶ ይጮኻል።

“እንዴት ነው?”

“ወደ መንገዱ ያጋድላል።”

“አሁንስ?”

“ትንሽ... ትንሽ... በቃ!”

ከዚያ ሰዎቹ በዜማ እየተቀባበሉ ጠጠሩን ይጠቀጥቃሉ፤ ቤቱ ከነቆርቆሮው ይንቋቋል። ጎረቤት ወጥቶ ያያል፣ ይስቃል። “ዛሬ ድሬዳዋ ልትደርሱ ነው?” የሚለን አይጠፋም። ሥራው ሲያልቅ ይበላል፣ ጠላ ይጠጣል። ለእኔ ከእንቁጣጣሽ የሚበልጥ በዓል ነበር። ሰዎቹ ሲሄዱ ግን ግድግዳው በሙሉ ተሰነጣጥቆ ይቀራል፤ እናቴ ጥቅምትን ሙሉ ጭቃና ጭድ እያቦካች በእጇ ስትመርግ ትከርማለች።

እናቴ ከዚህ ዓለም የፈለገችው አንድ ነገር ነበር፤ የማይነሳ ቤት። በየዓመቱ ትለምነው ነበር። “አሁን ጉልበቱም ሰዉም ሳለህ እናፍርሰውና በድንጋይ እንሥራው” ትለዋለች። እሱ ይኮራል፣ ይኮርፋል፤ ሁለት ቀን አያናግራትም። “ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው” ብላ ወደ ጭቃዋ ትመለሳለች። ተናድጄበታለሁ፤ ከሞተ በኋላም እናደድበታለሁ።

መከራውም አልዘገየም። ከስድስቱ ሰዎች አንዱ ተዛውሮ ድሬዳዋ ሄደ፤ ሁለቱን ጦርነት ወስዷቸው አልተመለሱም፤ የቀሩት አረጁ። በየቀኑ እናየው የነበረው ባቡር መምጣቱን አሳሳው። አባቴ ጡረታ ወጣ። ስለ ማፍረስ የሚያነሳም ጠፋ፤ በጡረታ ደሞዝ አጥር እንጂ ቤት አይሠራም። እሑዱ ግን አልቀረም። ባልና ሚስት ብቻቸውን፣ እሱ በክሪኩ እሷ በውሃ ልኩ፣ ማንሳታቸውን ቀጠሉ። እኔ በዚያን ጊዜ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ እሠራ ነበር፤ ተከራይቼ የምኖረውም ሌላ ሰፈር ስለነበር ለእሑዱ ሁልጊዜ አልደርስም።

በአንዱ ዓመት ደረስኩ። ከእናቴ ጀርባ መስኮቱ አጠገብ ቆምኩ። የአባቴ ትንፋሽ በጭቃው ግድግዳ አልፎ ይሰማል። “እንዴት ነው?” አለ። አረፋው ከውሃ ልኩ መስታወት ዳር ተጣብቆ ቀርቷል። “አሁንስ?” አለ፣ ድምፁ ተቆራርጦ። አረፋው ከነበረበት አልተነቃነቀም።

“በቃ! ልክ መጣ” አለች እናቴ።

አፌን ስከፍት ክንዴን ጨመቀችው። ከውጭ የጠጠሩ መጠቅጠቅ ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ በአንድ ሰው እጅ።

ማዕድ ቤት ገብተን “ለምንድን ነው የዋሸሽው?” አልኳት።

“ልቡ ቀጥ ይበልልኝ? ቤቱ ይጣመም።”

“ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“አራት ዓመቱ ነው” አለች፣ ሽንኩርቷን እየከተፈች።

ዕድሜዋን ሙሉ ቀጥ ያለ ቤት ስትመኝ የኖረች ሴት ናት ይህን የምትለው። የቀን ሠራተኛ ቀጥሬ ማምጣት እችል ነበር፤ አላመጣሁም። አባቴን ማሳፈር ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱን ለመናገር ደክሞኝ ነበር፤ ያ ቤት ከልጅነቴ ጀምሮ አድክሞኛል። ስለዚህ እኔም ዝም አልኩ። የቤቱ ማጋደል እየጨመረ ሄደ። ድስት ሲጣድ ዘይቱ በአንድ በኩል ይሰበሰባል። አባቴ አልዘጋ ያለውን በር ጫፉን በመላጊያ ላገው፤ ከአልጋው ሁለት እግሮች ሥር ጡብ አስገባ። ለምን እንደሆነ አልተናገረም። ሐዲድ ላይ የጣት ስፋት ዝቅታ ከሩቅ በዓይኑ ብቻ የሚለይ ሰው የገዛ ቤቱን አላየም ብዬ አመንኩ። እንዲህ ብሎ ማመን ይመቸኝ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት እሑዱ ሲመጣ ማልጄ ደረስኩ። እናቴ ዕቃውን አውርዳ፣ ውሃ ልኩን ደፉ ላይ አስቀምጣ ቆማለች። አባቴ ካፖርቱን ደርቦ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ክሪኩ ከከረጢቱ አልወጣም።

“አንጀምርም እንዴ?” አለች በመስኮቱ።

“ዘንድሮ አያስፈልገውም” አለ፣ ሳይዞር። “ልክ ነው።”

 እናቴ ውሃ ልኩን እንደያዘች ወጥታ ፊቱ ቆመች። ፊቷ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

“ልክ አይደለም” አለችው። “ተጣሟል። አምስት ዓመት ሙሉ ስዋሽህ ነው የኖርኩት። ተነስና አንሳው።”

“ሁሉንም አውቃለሁ” አላት።

ክንዱን ይዛ ሳበችው። አልተነሳም። እንደገና ሳበችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ የክሪኩን ከረጢት አየች። ከረጢቱ እግሬ ሥር ነበር፤ ጎንበስ ብዬ አላነሳሁትም።