ግማሹን ብቻ ተረጎምሁላቸው

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርሁም። ልናዘዝ ሄጄ፣ ጾም መግደፌን ብቻ አውርቼ የተመለስሁበት ቀን አለ። ሰው ትንሹን ኃጢአት ተናግሮ ትልቁን ይዞ መመለስ ይችልበታል፤ እኔማ ተክኜበታለሁ።

እትዬ ዘውድነሽ እዚህ አካላ በሚባለው ሰፈር ጎረቤቴ ናቸው። ስቶክሆልም ከገቡ ጀምሮ ሶልና ውስጥ ቢሮ ሲያጸዱ ኖረው፣ በመጨረሻ ቀኝ ትከሻቸው እምቢ አለ። ፀጉራቸውን ማበጠር እንኳ አቃታቸው። የሥራ ጉዳት ካሳ ጠየቁና ተከለከሉ፤ የቀራቸው ለፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ነበር። ካሳውን ካላገኙ በዚያው ትከሻ ወደ መወልወያው መመለሳቸው ነው።

እኔ ደግሞ የሰፈሩ አስተርጓሚ ነኝ። ጡረታ የወጣሁ የአውቶቡስ ሾፌር እንጂ ሕግ የት አውቄ! ስዊድንኛ ግን አቀላጥፋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ «ጠበቃችን መጣ» ሲሉኝ እንደ ቀልድ እስቃለሁ፤ በልቤ ግን ካባ እንደ ደረበ ሰው እኮራለሁ። እትዬም በሰው ፊት «ይርዳው እያለልኝ የምን ጠበቃ!» ብለውልኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ አላውቅም ማለት ሞት ሆነብኝ።

አንድ ቀን ከሠራተኛ ማኅበራቸው ተደወለ። ወጥ ቤታቸው ተቀምጠን ነበርና ስልኩን እኔ አነሣሁት። ሴትዮዋ ጥርት አድርጋ ነገረችኝ፦ አባል ስለሆኑ ለይግባኙ የሕግ ባለሙያ እንሰጣቸዋለን፤ ወጪውን ማኅበሩ ይችላል፤ እሺ ይበሉን ብቻ።

«ምን አለችህ ልጄ? ስለ ዩሪስት ነው አይደል የምታወራው?» አሉኝ፤ የሕግ ባለሙያ ማለት መሆኑን ያውቁታል።

«አዎ። ጠበቃ ቢይዙ ግን፣ ቢረቱም እንኳ ፍርድ ቤቱ ወጪውን አያስመልስልዎትም» አልኋቸው።

ዋሸሁ? አልዋሸሁም። በዚህ አገር እንዲህ ባለው ክርክር የረታም ሰው የጠበቃውን ዋጋ ከራሱ ነው የሚከፍለው። እውነቱን ተናገርሁ፤ ማኅበሩ እንደሚከፍልላቸው ግን ዋጥ አደረግሁት። እሳቸውም ደንግጠው «ኧረ ይቅርብኝ! አንተው ጻፍልኝ» አሉ። እኔም ለሴትዮዋ አያስፈልጋቸውም ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። እኔ ነኝ ያደረግሁት። ማን አስገደደኝ? አንድ ስዊድናዊ መጥቶ ቢረታላቸው፣ «ጠበቃችን» መባሌ እንዳይቀር ፈርቼ ነው።

ጻፍሁ። መከራቸውን፣ ደግነታቸውን፣ የልፋት ዘመናቸውን ዘረዘርሁ፤ ድንጋይ ያስለቅስ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን እንባ አልጠየቀም። ትከሻቸውን የጎዳው ሥራው መሆኑን የሚያስረዳ የሐኪም ማስረጃ አልቀረበም ብሎ ጣለው። የሕግ ባለሙያ ቢይዘው ኖሮ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስመጣው እሱን ነበር። እኔ ግን ሐሳቡም አልመጣልኝ።

እትዬ ሲሰሙ ምን ያሉኝ ይመስላችኋል? «አይዞህ፣ አንተ የምትችለውን አድርገሃል» ብለው በደህናው እጃቸው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ። ከዚያ ጡረታቸው እስኪደርስ በግራ እጃቸው እየወለወሉ ኖሩ። ለሥራ ሲወጡ በመስኮቴ ሆኜ አያቸው ነበር።

ዛሬም ወገቡን የተጎዳ፣ እጁን ማሽን የመታው ሰው ሲያገኙ፣ ከስፖንጋም ይሁን ከሌላ ሰፈር፣ «ይርዳው ጋ ሂድ» ይሉታል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ለማኅበርህ ደውል እለዋለሁ። ይህን የት እንደ ተማርሁት ግን አልነግረውም።

«እትዬ ሁሉም ተሞክሮ አልሆነም ብለው ተጽናንተዋል፤ አሁን ነግሬ ለምን መጽናኛቸውን እነጥቃቸዋለሁ?» እያልሁ ስንት ጊዜ ራሴን አታለልሁ! የሳሳሁት ለእሳቸው ነው? የለም፤ ዛሬም የምሳሳው ለስሜ ነው።

ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ትከሻው የእናንተ አይደለም፤ የእሳቸው ነው። እሳቸው ደግሞ እሑድ እሑድ በሴቶቹ በኩል ቆመው፣ ስሜን ጠርተው ይጸልዩልኛል።