ጃንጥላን የመረጥን ጊዜ

የምርጫ ወረቀት ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ላይ የሚመጣው ጃንጥላ ነው። ልጅ ሳለሁ አገራችን እንደራሴ የሚመረጠው በሥዕል ነበር። አንባቢ ስለሌለ አንዱ ተወዳዳሪ ፋኖስ፣ አንዱ በሬ፣ አንዱ ጃንጥላ ሆኖ ይቀርባል። የእኛ ሰው ጃንጥላን መረጠ፤ ድልድይ እሠራለሁ ብሎ ነበራ። ትምህርት ቤቱ ከወንዝ ማዶ ነው፣ ወንዙ ደግሞ እስከ ጥቅምት አያሻግርም። ሲጎድል ሄደን ስንቆም መምህሩ "ክፍሉ ሞልቷል፣ ለከርሞ" ይለናል። ሁለት ዓመት እንዲህ ተመለስኩ።

ጃንጥላ አሸነፈ፤ ድልድዩ የለም። ግንቦት ላይ አባቴ ሙክት አስጎትቶኝ ከተማ ወረድንና ከተመረጠው ሰውዬ አጥር ሥር ደጅ ልንጠና ቆምን። የባሕር ዛፉና የሙክቱ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ደጅ ጥናት ቆሞ መታየት ነው እንጂ አፍ አውጥቶ መናገር ነውር ነው። መኪናው ሲወጣ አባቴ እጅ ይነሳል፤ መስታወቱ ሳይወርድ ያልፋል። አሥራ አንድ ቀን። በአሥራ ሁለተኛው ዘበኛው "በጉን ትተኸው ሂድ፣ እኔ እነግርልሃለሁ" አለው። አባቴ ግትር ነው፣ እኔስ በማን ወጣሁ። "በጉ የድልድዩ ነው" ብሎ ይዞት ተመለሰ።

እናቴ ስታየን ሳቀች። "ሙክቱን አገር አሳይታችሁት መጣችሁ?" አባቴ በማግስቱ ደቦ ጠራ፤ ሙክቱ ታረደ፣ ወንዙ ጠበብ የሚልበት ላይ ሁለት ትልልቅ ግንድ ተጋደመ። መስከረም ሲጠባ በዚያ ተሻግሬ ተመዘገብኩ። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ይቺን የምጽፈውም በዚያችው ፊደል ነው።

ባለፈው ጥቅምት እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሪችፊልድ በምትባል ከተማ፣ የአፓርታማችን በር ተንኳኳ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ምክር ቤት የተቀመጠ የሰፈራችን እንደራሴ፣ እኩያዬ ሽማግሌ፣ በእግሩ መጥቷል። ጫማው አልቋል። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ይሉ ነበር ያገሬ ሰዎች፤ ይኼ የሚቆጨው አይመስልም። ድሮ የአውቶቡስ ሾፌር እንደነበረ፣ አሁን ለመጨረሻ ጊዜ እንደሚወዳደር ተናገረና ምን ልሥራልህ አለኝ። የልጄ ልጅ ናት የምታስተረጉመው። እኔ ደጅ የምጠና መስሎኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጭጭ አልኩ።

"አያቴ፣ ጀስት ቶክ ቱ ሂም" አለችኝ፤ በቃ አናግረው ማለቷ ነው።

ወንበር ሰጠሁትና ነገርኩት። አውቶቡስ የምንጠብቅበት ቦታ መጠለያ የለውም፤ በረዶው እኛን ሽማግሌዎቹን ሊጨርሰን ነው አልኩት። ደብተር አወጣ። ስሜን ፊደል በፊደል ጠየቀኝ፣ ቀጥሎም ላስት ኔም አለ፤ ለእኛ የአባት ስም ነው።

መጠለያው ገና አልተሠራም፤ በየሳምንቱ ቢሮው እደውላለሁ፣ አልተዋቸውም። ግን ያን ቀን ያ ሽማግሌ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ ሁለቴ ጠይቆ፣ የአባቴን ስም ጻፈው።