የኢተፋ ድምፅ ያለበት ኮምፒውተር

ኑኃሚን ልብስ ስትሰፋ ትዕግሥቷ ያስቀናል፤ ኮምፒውተር ፊት ስትቀመጥ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። አዳማ ውስጥ የመዘምራን ልብስ ሰፊ ከተባለ እሷ ናት፤ ከቢሾፍቱ ድረስ መጥተው ያሰፏታል። አዳዲስ ሞዴል የምታየው ኢንተርኔት ላይ ነው። ኮምፒውተሩ "ማሻሻያ መጥቷል፣ ልጫነው?" ባላት ቁጥር "በኋላ" የሚለውን ነክታ ታልፋለች። ባሏ ኢተፋ ድሮ "ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ አንቺ ሴትዮ!" እያለ ይቆጣት ነበር። አሁን አይቆጣም። የጉሮሮ ቀዶ ሕክምናው ሕይወቱን አትርፎ ድምፁን ወስዶበታል።

ያ ድምፅ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ኢተፋ ከመታመሙ በፊት እዚያው ሳሎናቸው ውስጥ በአማርኛም በኦሮምኛም የቀዳቸው መዝሙሮች ኮምፒውተሩ ላይ አሉ። ሌላ ቦታ እንገልብጣቸው ሲባባሉ ሕመሙ ቀደማቸው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሁለቱም ከፍተው ለመስማት አልደፈሩም።

ያን ቀን ከሰዓት፣ ነፋሱ ገርበብ ያለውን በር እያንገጫገጨ፣ ኑኃሚን ለኩየራ መዘምራን የሚሆን የአንገት ጥልፍ ስትፈልግ "በነፃ አውርዱ" የሚል አየችና ነካችው። ስክሪኑ በአንዴ ቀይ ሆነ። ስፒከሩ ይጮህ ጀመር። ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተወሯል፣ አሁኑኑ ካላጸዱት ያለዎት ሁሉ ይጠፋል ይላል ጽሑፉ።

"ጌታ ሆይ፣ መዝሙሮቹ!"

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። ኑኃሚንም "አጽዳ" የሚለውን ተጫነች፤ አንድ ፕሮግራም ወረደ፤ እሱንም ከፈተችው። ኮምፒውተሩ፣ ይህ ፕሮግራም ለውጥ እንዲያደርግ ይፈቅዳሉ ወይ ብሎ ጠየቃት። "አዎ" የሚለውን ልትጫን ስትል ጠረጴዛው ጓ አለ።

ኢተፋ ነበር በመዳፉ የመታው። አፉ ተከፍቷል፣ የአንገቱ ሥር ተገታትሯል፣ የሚወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው። መጮህ ያቃተው ሰው ሲጮህ ማየት ልብ ይሰብራል። እጇን ከማውሱ ላይ አንስቶ "አይ" የሚለውን ነካ፤ ወዲያው የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀለ።

"እንግዲያው መዝሙሮቹን ላውጣቸው!" ብላ ፍላሽ ይዛ ስትመጣ መሰኪያውን በመዳፉ ሸፈነባት።

"ልቀቀኝ ኢተፋ! ድምፅህ እኮ ነው!"

ንቅንቅ አላለም። በሌላው እጁ ስልኩን አንስቶ ጻፈላት፦ "ቫይረስ ገብቶ ከሆነ ፍላሹም ይያዛል። መጀመሪያ ይፈተሽ።"

ቀዩን ገጽ ዘጋ፤ የወረደውን አጠፋ፤ ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣውን የቫይረስ መከላከያ ከፍቶ ሙሉ ፍተሻ አዘዘ። ፍተሻው ይንፏቀቃል። ኑኃሚን እጆቿን ጉልበቷ መሃል ቀብራ ተቀመጠች። "በኋላ" እያለች ያለፈችው ሁሉ ያን ሰዓት ቆጫት፤ ሕመሙ አንዴ የነጠቀውን የባሏን ድምፅ እሷ ደግማ ልትነጥቀው እንደነበር ነው የተሰማት። ኢተፋ ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም።

በመጨረሻ "ምንም አልተገኘም" የሚል ወጣ። ኢተፋ በዚህ ብቻ አልረካም፤ የመጀመሪያውን መዝሙር ከፈተው።

ከመዝሙሩ በፊት አብራ የተቀዳችው የራሱ ንግግር፣ ኑኃሚን "ቁረጣት፣ ታስቃለች" እያለች ስትነዘንዘው፣ እሱም ነገ እያለ የተዋት ነበረች። ያ ወፍራም ድምፅ ሳሎኑን ሞላው።

"ኑኃሚን፣ በሩን ዝጊው እንጂ፤ ነፋሱ ማይኩ ውስጥ እየገባ ነው።"

ኑኃሚን እንባዋን እያዘራች ተነስታ በሩን ዘጋችው።